የባለቤቴ የእህት ልጅ ሲክል ሴል አለበት፤ ከመውለዳችን በፊት ምን እንመርመር?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 27 ነው፤ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ከተጋባን አምስት ወራችን ሲሆን ከመስከረም በኋላ ለመውለድ አስበናል። የእኔ ወገኖች በእናትም በአባትም የደሴ ዙሪያና የቦረና ሰዎች ናቸው። የባለቤቴ አባት በ1977 ዓ.ም. በሰፈራ ከወሎ ወደ መተከል ሄደው የዚያው አገር ተወላጅ የሆነች ሴት አገቡ፤ ባለቤቴም እዚያው ተወለደ። አሁን ኮምቦልቻ ያለችው የታላቅ እህቱ ልጅ አጥንቱን በየጊዜው ያመዋል፣ ዓይኑም ቢጫ ይሆናል። ብዙ ጊዜ የወፍ በሽታ ነው፣ ቁርጥማት ነው ሲባል ቆይቶ አዲስ አበባ ሲታይ ሲክል ሴል ነው ተባለ። ጅዳ የምትኖረው እህቴ ምራቅ ተልኮለት ከ300 በላይ በሽታ የሚመረምር ድርጅት አለና ገንዘቡን እኔ እከፍላለሁ ብላኛለች። እናቴ ደግሞ “ሰባት ቤት ቆጥራችሁ ተጋብታችኋል፤ ፈጣሪ የሚሰጠውን አትመርምሩ” ትለኛለች። ምን ይመክሩኛል? ውጤቱ ክፉ ቢሆን ትዳሬ ምን ይሆናል?

ምላሽ፦ እህቴ፣ በጥያቄዎ ውስጥ የመልሱ ግማሽ ተጽፏል። ስለ ዘር በሽታ ምክር የሚፈልጉ ጥንዶች አብዛኛውን ጊዜ “ምን እንመርመር?” ብለው ይጀምሩና ስለ ቤተሰባቸው አንድም ነገር ሳይነግሩን ይጨርሳሉ። እርስዎ ግን የባለቤትዎን እናት አገር፣ የሕፃኑን ሕመምና የራስዎን ወገን ለይተው ጽፈዋል። ለዚህ ሥራ ከቤተሰብ ታሪክ የሚበልጥ መሣሪያ የለንም፤ ላቦራቶሪው ተከትሎ የሚመጣ ነው።

አሳቤን አስቀድሜ ልንገርዎት። ምራቅዎን ወደ ውጭ አይላኩ። ባለቤትዎ ለአንድ በሽታ ብቻ፣ ማለትም በዘር ለሚወረሰው የደም በሽታ ለሲክል ሴል፣ በአንድ የደም ናሙና ይመርመሩ። እርሳቸው ተሸካሚ ካልሆኑ ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ እርስዎ ለዚህ ጉዳይ ደም መስጠት እንኳን አያስፈልግዎትም። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ቀስ ብዬ ላስረዳ።

“ተሸካሚ” የሚለው ቃል በአገራችን ክፉ ጥላ አጥልቶበታል። ብዙ ሰው ሲሰማው በሽተኛ እንደ መባል፣ ሌላውን ሊያስይዝ እንደሚችል ሰው እንደ መቆጠር ይሰማዋል። የዘረመል ተሸካሚ ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። ዘረመሎቻችንን፣ ማለትም የሰውነታችንን አሠራር የሚወስኑትን መመሪያዎች፣ የምንወርሰው በጥንድ ነው፤ አንዱን ከአባት፣ አንዱን ከእናት። ከጥንዱ አንዱ ጉድለት ቢኖርበትም ሌላው ደህና ከሆነ፣ በብዙ በሽታዎች ላይ ደህናው ብቻውን ሥራውን ይወጣል። ሰውየው ያርሳል፣ ይነግዳል፣ ወልዶ ይስማል፤ ተሸካሚነቱን ሳያውቅ አርጅቶ ያልፋል። እንዲህ ያሉ ጥቂት የተደበቁ ጉድለቶች የሌሉበት ሰው የለም፤ እኔም አሉብኝ። ችግር የሚመጣው የአንድ ዓይነት ጉድለት ተሸካሚ የሆኑ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ነው። ያን ጊዜ ልጁ ሁለቱንም ጉድለት ወርሶ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው፤ እንደ ወላጆቹ ጤነኛ ተሸካሚ የመሆን ዕድሉ ከአራት ሁለት፤ ጉድለቱን ጭራሽ ያለመውረስ ዕድሉ ደግሞ ከአራት አንድ ነው።

ጠይም እናትና ጠይም አባት ቆዳውና ጸጉሩ ነጭ የሆነ ልጅ ሲወልዱ አይተው ይሆናል። መንደሩ እናትየዋን ያማታል። አልቢኒዝም ግን ልክ እንደነገርኩዎት ከሁለቱም ወላጆች እኩል የሚመጣ ነው፤ በዚህ ሐሜት ስንት ሴት እንደተጎዳች ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከአራት አንድ ማለትን ደግሞ ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳተዋል። “የመጀመሪያው ታሞ ተወልዷል፤ እንግዲህ ቀጣዮቹ ሦስቱ ደህና ናቸው” የሚሉ ወላጆች ገጥመውኛል። ዕጣው በእያንዳንዱ እርግዝና እንደ አዲስ ይጣላል፤ ያለፈውን አይቆጥርም። ሁለቱም ተሸካሚ የሆኑ ወላጆች አራት ልጆች ቢወልዱ አራቱም ከበሽታው ነጻ የሚሆኑበት ዕድል 32 በመቶ ገደማ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት የታመሙ ልጆች የሚወለዱበት ቤትም አለ።

አሁን ወደ እርስዎ ቤት እንምጣ። ሲክል ሴል በሄሞግሎቢን ላይ የሚደርስ ለውጥ ነው። ሄሞግሎቢን በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ሆኖ ኦክስጅን የሚያመላልሰው ንጥረ ነገር ነው። ለውጡን ከሁለቱም ወላጆቹ የወረሰ ሰው ቀይ የደም ሕዋሶቹ ኦክስጅን ሲያጥራቸው እንደ ማጭድ ይታጠፋሉ፤ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ይዘጋሉ፤ ቶሎም ይፈርሳሉ። የአጥንት ሕመሙ ከመዘጋቱ፣ የደም ማነሱና የዓይን ቢጫነቱ ከመፍረሱ የመጡ ናቸው። ለዚህ ነው የባለቤትዎ የእህት ልጅ አንዴ ቁርጥማት፣ አንዴ የወፍ በሽታ ሲባል የኖረው። ሁለቱም ስም ከአንድ ሥር የበቀለ ምልክት ነበር።

ይህ ለውጥ በቆላ አገር የበዛበት ምክንያት አለ። አንቶኒ አሊሰን የተባሉ ሐኪም በምሥራቅ አፍሪካ አጥንተው በ1954 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ የለውጡ ተሸካሚዎች ከከባድ ወባ የተሻለ ጥበቃ አላቸው። ወባ በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ሕፃናትን በፈጀበት አገር ተሸካሚው ተረፈ፣ ወለደ፣ ዘረመሉንም አወረሰ። በአገራችንም ለውጡ ከደጋው ይልቅ በምዕራቡ ቆላ፣ በቤንሻንጉልና በጋምቤላ በኩል ይበዛል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የወባ ድንበር ተብሎ የሚነገረው 2,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ የደጋው ሰው አያት ቅድመ አያት ያንን ፈተና ብዙም አላዩትም። ስለዚህ ይህ ዘረመል ለመተከል ሰው የሚያሳፍር ምልክት አይደለም፤ ወገኑን ከወባ ያተረፈ ጋሻ ነው። ይህን በቤታችሁ ጮክ ብላችሁ ብትናገሩት ደስ ይለኛል። የባለቤትዎ እናት ጥፋተኛ ሆነው እንዲሰማቸው አልፈልግም።

እዚህ ላይ ብዙ የሰፈራ ቤተሰቦች የሚጠይቁኝን አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ወደ ቆላ ስለወረደ ብቻ ዘረመሉ አይለወጥም። በ1977 ከወሎ ወደ መተከልና ወደ ጋምቤላ የሄዱ ወገኖቻችንን ወባ ይዟቸዋል፤ ሲክል ሴል ግን ከአየር ወይም ከውሃ አይያዝም። የባለቤትዎ አባትና እናት ሁለቱም ከወሎ የሄዱ ቢሆኑ ኖሮ ስጋቱ ዝቅ ይል ነበር። የሚቆጠረው የኖሩበት ቦታ ሳይሆን የአያቶች አገር ነው።

ስሌቱን እንሥራው። የእህታቸው ልጅ ከታመመ እህታቸው በእርግጥ ተሸካሚ ናቸው። እንግዲህ ከወላጆቻቸው ቢያንስ አንዱ ተሸካሚ ነው፤ ባለቤትዎም የመውረስ ዕድላቸው ግማሽ በግማሽ ነው። የእርስዎ ዕድል ዝቅተኛ ነው። ለምሳሌ ያህል ብቻ ከመቶ አንድ ነው ብንል፣ ግማሹን በመቶኛው፣ ያንን ደግሞ በአንድ አራተኛ ስናባዛ የታመመ ልጅ የመውለድ ስጋታችሁ ከ800 አንድ ይሆናል። ምንም ሳትመረመሩ ዛሬ ያላችሁበት ቦታ ይህን ይመስላል። እኛ ወሎዬዎች እንደምንለው፣ አብሽሩ።

ታዲያ ስጋቱ ትንሽ ከሆነ ለምን እንመረመራለን? የማይጎዳ፣ መልሱም ግልጽ የሆነ ምርመራ ስላለ ነው። ነገር ግን በቅደም ተከተል ይሁን። መጀመሪያ እህታቸውን የልጁን የምርመራ ወረቀት ይጠይቁ። “ሲክል ሴል” የሚባለው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዳንዱ ልጅ የሲክል ለውጡን ከአንዱ ወላጅ፣ ታላሴሚያ የሚባለውን ሌላ የሄሞግሎቢን ጉድለት ደግሞ ከሌላው ወርሶ ይታመማል። የልጁ ወረቀት ይህን ከነገረን ባለቤትዎ ላይ የምንፈልገው ነገር ይሰፋል።

ቀጥሎ ባለቤትዎ ሁለት ነገር ያሠሩ፦ ሙሉ የደም ቆጠራና የሄሞግሎቢን ኤሌክትሮፎረሲስ። ላቦራቶሪ ስትሄዱ ጥያቄያችሁ “ኤሌክትሮፎረሲስ እዚሁ ትሠራላችሁ ወይስ ናሙና ትልካላችሁ?” የሚል ይሁን። ናሙናው አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ ግድ የለም፤ ደም ይጓዝ፣ እናንተ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ አትንገላቱ። ማጭድ መሰል ሕዋስ በመስታወት ላይ የሚፈልገው ፈጣን ምርመራ ግን ብቻውን አይበቃችሁም። እርሱ ተሸካሚውንም ታማሚውንም እኩል “ፖዘቲቭ” ይላል፤ ታላሴሚያን ደግሞ ጭራሽ አያይም። ኤሌክትሮፎረሲስ ግን የሄሞግሎቢኑን ዓይነትና መጠን ለይቶ ያሳያል። ኤኤ ከሆኑ ተሸካሚ አይደሉም፤ ኤኤስ ከሆኑ ጤነኛ ተሸካሚ ናቸው፤ ኤስኤስ ደግሞ በሽታው ነው። ይህን ከደም ዓይነት ከኤ፣ ከቢ፣ ከኦ ጋር አታምታቱት፤ ብዙ ሰው ያምታታዋል። በደም ቆጠራው ላይ ኤምሲቪ ተብሎ የሚጻፈው የአንድ ቀይ ሕዋስ አማካይ ትልቀት ከ80 በታች ከሆነ፣ ወይም ኤ2 የሚባለው ሄሞግሎቢን ከ3.5 በመቶ በላይ ከሆነ ለሐኪም አሳዩት፤ ታላሴሚያን የሚያስጠረጥር ነው። የሕዋስ ማነስ ብቻውን ግን የብረት እጥረትም ሊሆን ይችላል። ባለፉት ሦስት ወራት ደም የወሰደ ሰው ደግሞ የሌላ ሰው ሄሞግሎቢን ስለሚኖረው ምርመራው መቆየት አለበት።

በፈጣኑ ምርመራ ላይ ይህን ያህል የምቆመው አንድ የማይረሳኝ ጥፋት ስላለኝ ነው። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት ለመጋባት የተዘጋጀ ወጣት “ሲክል ፖዘቲቭ” የሚል ወረቀት ይዞ መጣ። ዝም ብዬ አንብቤ በሽታው እንዳለበት ነገርኩት። ሽማግሌዎች ተመለሱ፣ ጥሎሽ ተመለሰ። ከወራት በኋላ በኤሌክትሮፎረሲስ ሲታይ ተሸካሚ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ልጅቷ ኤኤ ነበረች። አንድም የታመመ ልጅ ሊወለድላቸው አይችልም ነበር። እርሷ በዚያ መካከል ሌላ አገባች። ያንን ቀን ሳስበው ዛሬም ያመኛል፤ ከዚያ ወዲህ የማጣሪያ ውጤት ለማንም እንደ ፍርድ አንብቤ አላውቅም።

እናትዎ ስላሉት ሰባት ቤት በአክብሮት ላውራ፤ ብልህ ሥርዓት ነው። የአንድ አያት ልጅ ልጆች ሲጋቡ ከአንድ ሰው የወረሱት የተደበቀ ጉድለት በልጃቸው ላይ የመገናኘት ዕድሉ ይጨምራል። ማንኛውም ጥንድ ከባድ የተፈጥሮ ጉድለት ያለበት ልጅ የመውለድ ዕድሉ ከመቶ ሁለት እስከ ሦስት ነው፤ በአጎትና በአክስት ልጆች ጋብቻ በዚህ ላይ ሌላ ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት ያህል ይታከልበታል። ዝምድናው በራቀ ቁጥር ጭማሪው ይጠፋል፤ ሰባት ቤት ላይ ከምንም አይቆጠርም። አባቶቻችን ዘረመል የሚል ቃል ሳይኖራቸው “ዘር ከልጓም ይስባል” ብለው ቤት መቁጠራቸው ያስደንቀኛል። ዳሩ ግን ሰባት ቤት የሚጠብቀው በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ከተደበቀ ብርቅ ጉድለት ነው። በአንድ አገር ሕዝብ መካከል ከተሰራጨ ጉድለት አይጠብቅም። ባልና ሚስት ዘመዳሞች ባይሆኑም ሁለቱም ከቆላው ወገን የወረሱት ከተገናኘ ልጃቸው ሊታመም ይችላል። የሁለቱ መንገድ የተለያየ ነው፤ እናትዎ የጠበቁት አንዱን በር ነው።

“ፈጣሪ የሚሰጠውን” ላሉትም ክርክር የለኝም። ዛሬ በወሎ ከጋብቻ በፊት የኤችአይቪ ምርመራ ሳያደርጉ ሠርግ የማይቆርጡ ቤተሰቦች በሁለቱም እምነት ሞልተዋል፤ ያንንም ከፈጣሪ ጋር መጣላት ያለው የለም።

የእህትዎን ስጦታ በተመለከተ፣ ፍቅራቸውን አይግፉት፤ ገንዘቡን ግን ለሌላ ነገር ያውሉት። የ300 በሽታ ምርመራ የተሠራው በአብዛኛው በአውሮፓውያንና በሌሎች በደንብ በተጠኑ ሕዝቦች መረጃ ላይ ነው። የእኛ ሰው ዘረመል ገና በጥቂቱ ስለተጠና ሁለት ነገር ያጋጥማል፦ በእኛ ዘንድ ያለውን ለውጥ ሳያየው ያልፋል፤ ወይም “ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ” የሚል ወረቀት ይልክላችሁና ሌሊት እንቅልፍ ያሳጣችኋል። ብዙ በሽታ ሲመረመር ደግሞ የአንዱ ወይም የሌላው ተሸካሚ ሆኖ መገኘት የተለመደ ነው፤ ባልየው የሌላ በሽታ፣ ሚስትየው የሌላ። ከጎኑ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሰው የሌለው ሰው ያንን ወረቀት እንደ መርዶ ያነበዋል። ሁሉም ደህና ነው ብሎ ቢመጣ እንኳን ስጋትን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ዳውን ሲንድሮምን የመሰሉት ብዙውን ጊዜ በዘር የሚወረሱ ስላልሆኑ በተሸካሚነት ምርመራ አይታዩም።

ከዚያ ገንዘብ በጥቂቱ ሁለት ነገር ይግዙ ብዬ እለምንዎታለሁ። አንዱ ፎሊክ አሲድ ነው። የሕፃኑ አከርካሪና አንጎል የሚሠራበት ቱቦ የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ በ28 ቀን ውስጥ ነው፤ ብዙ ሴት ማርገዟን ሳታውቅ ማለት ነው። ቱቦው ሳይዘጋ የሚወለዱ ሕፃናት ቁጥር በአገራችን ከፍተኛ ነው። ከመስከረም በኋላ ካሰባችሁ፣ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጀምረው እስከ እርግዝናው 12ኛ ሳምንት በየቀኑ 400 ማይክሮግራም ይውሰዱ። ሁለተኛው የደምዎን አርኤች፣ ማለትም ከደም ዓይነቱ ጎን ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ ተብሎ የሚጻፈውን፣ ማወቅ ነው። እናት አርኤች ኔጌቲቭ፣ አባት ፖዘቲቭ ከሆኑ ሰው ሾተላይ የሚለው ነገር ሊመጣ ይችላል፤ የመጀመሪያው ልጅ ይተርፋል፣ ተከታዮቹ ይጎዳሉ። በ28ኛው ሳምንትና ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ያስቀረዋል። ከ300ው ሁሉ ይልቅ እነዚህ ሁለቱ ለእርስዎ ልጅ የሚያደርጉት ይበልጣል።

ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ፤ ውጤቱ እንደምትፈሩት ቢሆንስ? ባለቤትዎ ኤኤስ ሆነው ከተገኙ እርስዎ ይመርመሩ። እርስዎ ተሸካሚ ካልሆኑ ልጆቻችሁ ከሲክል ሴል በሽታ ነጻ ናቸው፤ ገሚሶቹ እንደ አባታቸው ተሸካሚ ይሆናሉ እንጂ አይታመሙም። ሁለታችሁም ተሸካሚ ሆናችሁ ብትገኙ በር ተዘጋ ማለት አይደለም። ወልዳችሁ ሕፃኑን በተወለደ በሳምንታት ውስጥ ማስመርመር ትችላላችሁ። ከ11ኛው ሳምንት ከእንግዴ ልጅ፣ ከ15ኛው ሳምንት ጀምሮ ደግሞ ከሽርት ውሃ ናሙና ወስዶ ፅንሱን የመመርመር ዘዴም አለ። ይህ ግን የሠለጠነ እጅና ጉዞ ይጠይቃል፤ ውጤቱን ተከትሎ የሚወሰነውም የእናንተ የኅሊናና የእምነት ጉዳይ ስለሆነ ማንም ሐኪም ሊወስንላችሁ አይገባም። ከማህፀን ውጭ ተጸንሶ ከለውጡ ነጻ የሆነውን መምረጥም ይቻላል፤ ወጪው ግን የአብዛኛውን ሰው አቅም ያልፋል።

ትዳርዎን ለማፍረስ ምክንያት አይሁን። ሳዑዲ ዓረቢያ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሲክል ሴልና ለታላሴሚያ የቅድመ ጋብቻ ምርመራን ግዴታ አድርጋለች፤ ውጤቱ ግን ጋብቻውን አይከለክልም፣ ምርጫው የጥንዶቹ ነው። በቆጵሮስ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሳትቀር ከጋብቻ በፊት የታላሴሚያ ምርመራ ወረቀት ትጠይቃለች፤ ሁለቱም ተሸካሚ ሆነው ከተገኙት ጥንዶች አብዛኞቹ ተጋብተዋል። የምፈራው ሌላ ነገር ነው። ኦርኮሜኖስ በምትባል የግሪክ መንደር የሲክል ምርመራ ሲደረግ ተሸካሚዎቹ ተገለሉ፤ ሰውም ለትዳር ሲል ውጤቱን መደበቅ ጀመረ። አሜሪካም የአየር ኃይል አካዳሚዋ እስከ 1981 እ.ኤ.አ. ድረስ ጤነኛ ተሸካሚዎችን አልቀበልም ይል ነበር። የቡና ወሬ በእኛም ከተሞች ፈጣን ነው። ስለዚህ ውጤቱን ለመስማት ሁለታችሁ ብቻ፣ አብራችሁ ግቡ። ለማን እንደሚነገር ከመመርመራችሁ በፊት ተስማሙ። የባለቤትዎ ያላገቡ ወንድምና እህቶች ግን የማወቅ መብት አላቸው፤ ለእነርሱ ባለቤትዎ ራሳቸው ይንገሩ።

ጥያቄዎ ስለሚወለደው ልጅ ነበር፤ እኔ ግን ስለተወለደው ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የእህታቸው ልጅ ቋሚ ክትትል ይኑረው። ዕድሜው ከአምስት በታች ከሆነ በየቀኑ ፔኒሲሊን መውሰድ አለበት፤ በ1986 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ይህ ብቻውን ኒሞኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ የሚያመጣውን ከባድ ኢንፌክሽን በ84 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ሃይድሮክሲዩሪያ የሚባል የሕመሙን መመላለስ የሚያሳንስ መድኃኒት አለ፤ እናቱ ሐኪሙን በስሙ ይጠይቁት። ትኩሳት ከያዘው በዚያው ቀን ይታይ፣ አይደርበት። ኮምቦልቻ ወባ ያለበት አገር ስለሆነ አጎበር ሥር ይተኛ። ውሃ ማነስ፣ ብርድና ከፍታ ሕመሙን ይቀሰቅሱበታል፤ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ የሚመጣበት ቀን ካለ ወፍራም ሹራብ ይልበስ፣ የሚጠጣው ውሃም በእጁ ይያዝለት።